የሪቨርብ ፔዳሌ ድምፅ ይደበላለቃል፣ እዝዝ ይላል፤ ሌላ ልግዛ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኤሌክትሪክ ጊታር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በቅርቡ ያገለገለ ዲጂታል ሪቨርብ ፔዳል (ድምፁ እንደ አዳራሽ እንዲያስተጋባ የሚያደርግ፣ በእግር የሚረገጥ መሣሪያ) ገዛሁ። ያስቀመጥኩት ድምፁን ከሚያሻክረው ከዲስቶርሽን ፔዳሌ በፊት ነው። ዲስቶርሽኑን ስከፍት ሁሉም ነገር ይደበላለቃል፤ የምመታው ኮርድ እንኳ አይለይም። ሁለቱም በአንድ አዳፕተር ነው የሚሠሩት። ምንም ሳልጫወት እዝዝዝ የሚል ድምፅ አለ። የሪቨርቡን መጠን የሚወስነውን፣ ሚክስ የሚለውን ማዞሪያ ስነካውም ይንኮሻኮሻል። ተበላሽቶ ይሆን?

አንደኛ መላሽ፦
ወንድሜ፣ ለመግዛት አትቸኩል። መደበላለቁ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ዲስቶርሽን ደካማውን ድምፅ ከጠንካራው ጋር ያቀራርበዋል። ስለዚህ ቀስ እያለ መጥፋት የነበረበት የሪቨርብ ጭራ ከምትመታው ኖታ እኩል ይጮኻል። ዲስቶርሽን፣ ከዚያ ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግም ፔዳል) ካለህ እሱን፣ መጨረሻ ላይ ሪቨርብ አድርግና ስማው። ዲስቶርሽኑን የምታገኘው ከራሱ ከአምፑ (ከጊታር ድምፅ ማጉያው) ከሆነ ግን ሪቨርቡን በኤፌክት ሉፕ፣ ማለትም አምፑ ላይ ባሉት ሴንድ (መውጫ) እና ሪተርን (መመለሻ) በሚባሉ መሰኪያዎች መሐል አስገባው። ሆን ብለው ሪቨርቡን የሚያስቀድሙ አሉ። ጭጋግ የመሰለ ድምፅ ለሚፈልግ ያምራል፤ ኮርድ እንዲለይ ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

ሁለተኛ መላሽ፦
እዝዝታው ከኃይል ይመስለኛል። ዲጂታል ፔዳል ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር የሚፈጥረው ጫጫታ በጋራው መስመር አልፎ ዲስቶርሽኑ ጋ ይደርሳል። እሱ ደግሞ ያጎላዋል። ወጪ ሳታወጣ ሞክረው፦ ዲስቶርሽኑን በ9 ቮልት ባትሪ አስነሳና ሪቨርቡን ብቻውን አዳፕተሩ ላይ ተወው። ጩኸቱ ከጠፋ መፍትሔው እያንዳንዱ መውጫ ራሱን የቻለ ፓወር ሰፕላይ ነው።

ፔዳሉ ላይ የተጻፈውንም እይ። ቮልቱ የግድ መግጠም አለበት። ብዙዎቹ 9 ቮልት ዲሲ፣ የኃይል መሰኪያው መሐል ኔጋቲቭ የሆነ ናቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ሚሊአምፔሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ቢያንስ ነው ጣጣው። ዲጂታል ሪቨርብ 100 ሚሊአምፔርና ከዚያ በላይ መፈለጉ የተለመደ ነው።

ጠያቂ፦
ሞከርኩት! ባትሪ ላይ ሳደርገው ጩኸቱ ጠፋ። ኮርዱም አሁን ይለያል። በጣም አመሰግናለሁ። ማዞሪያው ግን አሁንም ይንኮሻኮሻል።

ሦስተኛ መላሽ፦
አቧራ ነው የሚሆነው። ኃይሉን ንቀል፣ ክዳኑን ክፈት። በማዞሪያው አካል ላይ ባለችው ቀዳዳ ትንሽ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ንፋ፤ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር 20 ጊዜ ያህል አዙረው። እስኪደርቅ ሳትጠብቅ ኃይል አትስጠው። ለማጠፊያ የሚሆን ተራ ዘይት እንዳትነፋበት፣ አቧራ ይይዛል። ጃኮቹንም (የኬብል መሰኪያዎቹን) እግረ መንገድህን አጽዳ። ባትሪ የሚወስድ ፔዳል ካለህ ስትጨርስ የኢንፑቱን ኬብል ንቀል። በብዙዎቹ ኬብሉ እስካለ ድረስ ባትሪው ይበላል። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀምበት ከሆነ ባትሪውን አውጣው፤ ፈሳሹ ውስጡን እንዳያበላሸው።

አራተኛ መላሽ፦
ወደፊት ሌላ የምትገዛ ከሆነ በሞዱ ብዛት አትመዝን። ስፕሪንግ፣ ፕሌት፣ ሩምና ሆል የሚባሉት የሪቨርብ ዓይነቶች ከበቂ በላይ ናቸው። ስፕሪንግ እንደ ድሮ አምፕ ይንቀጠቀጣል፤ ፌንደር ለብቻው የቆመ የስፕሪንግ ሪቨርብ ሳጥን ያወጣው በ1961 ነው። ፕሌት ለሶሎ ለስላሳ ነው። እኔ ይልቅ ፕሪዲሌይ ያለውን እመርጣለሁ። ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ስትሰጠው ኖታው ቀድሞ ይወጣና ማስተጋባቱ ከኋላ ይከተላል። ከባንድ ጋር ስትጫወት ደግሞ ሚክሱን ቤት ከለመድከው ቀንስ። ብቻህን ስትሆን የሚያምረው ከበሮና ቤዝ ሲገቡ ጊታርህን ይውጠዋል።