የምክር አገልግሎቱን ተማሪዎች እንዲያውቁት ምን እናድርግ?

የኮምቦልቻ መምህር፦ በማስተምርበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ክፍል ቢኖርም፣ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ አጠገብ በመሆኑ ተማሪዎች የቅጣት ቦታ ይመስላቸዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስብን ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ተማሪዎቻችን ናቸው፤ የሚጨነቁትና እንቅልፍ ያጡት እርዳታ መኖሩን እንዲያውቁ ምን ይደረግ?

የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ደሴ፦ መምህር፣ በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመት በፊት እንደሚጀምሩ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ስለዚህ ጥያቄዎ ጊዜ የሚሰጠው አይደለም። አማካሪው ራሱ በሰልፍ ሰዓትና በሚኒ ሚዲያ ቀርቦ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚገኝ፣ ምስጢር እንደሚጠብቅና የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ለሌላ ሰው ማሳወቅ ግዴታው እንደሆነ በግልጽ ይናገር። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም የሥነ አእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት የደሴ ሆስፒታል ይላክ።

ወላጅ፣ ደሴ፦ ልጅ ሲታመም ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንወስደው ወደ ጸበል ወይም ወደ ሼሁ ነው። ይህንን ሳትነቅፉ፣ ሕክምናው አብሮ እንደሚሄድ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ብታስረዱን እንሰማለን።

የኮምቦልቻ መምህር፦ እግዜር ይስጥልን። ክፍሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ እንዲዛወርም ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ አቀርባለሁ።