እምነቴን በዮጋ ሱትራ ሚዛን እንዴት ልፈትሽ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጥንቱ የሕንድ የዮጋ መጽሐፍ የ«ዮጋ ሱትራ» ጸሐፊ ፓታንጃሊ በሱትራ (አጭር ዐረፍተ ነገር) 1.7 ትክክለኛ ዕውቀት የሚገኝባቸውን ሦስት መንገዶች ይዘረዝራል፦ በቀጥታ ማየት (ፕራትያክሻ)፣ ከምልክት ተነሥቶ መገመት (አኑማና) እና የታመነ ሰው ቃል (አጋማ)። «የሥራ ባልደረባዬ ይንቀኛል» የሚለውን ሐሳብ በዚህ ልፈትሽ ስል ሁሌም «በዓይኔ አይቻለሁ» ላይ እቆማለሁ። ምን እየሳትኩ ነው?

መልስ 1፦
ችግሩ «አይቻለሁ» ላይ ነው። ወረቀት አውጣና ዓይንና ጆሮህ የያዙትን ብቻ ጻፍ፦ «ጠዋት በአጠገቤ አለፈ፤ ሰላም አላለኝም።» ፕራትያክሻ እዚህ ያበቃል። ንቀት በዓይን አይታይም፤ የደረስክበት በአኑማና ነው። አኑማና የሚጸናው ደግሞ ምልክቱ ከነገሩ ተለይቶ የማይገኝ ሲሆን ነው። ጭስ ካለ እሳት አለ። ሰላምታ ግን ያለ ንቀትም ይቀራል፤ የቸኮለም፣ ሐሳብ የያዘውም፣ ጭራሽ ያላየህም ዝም ብሎ ያልፋል።

«ሌሎችም ነግረውኛል» የምትል ከሆነ ያ አጋማ ነው። የሱትራው ጥንታዊ ተርጓሚ የቪያሳ ማብራሪያ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው፦ ተናጋሪው ነገሩን ራሱ ካላየው ወይም በአኑማና ካልደረሰበት ቃሉ ይወላውላል። ነጋሪህን «አንተ ራስህ ምን አየህ?» በለው።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሱትራ 1.8 እና 1.9 ግን አይዘለሉ። በ1.8 ያለው ቪፓርያያ (የተሳሳተ ዕውቀት) ነገሩን ካለበት መልክ ውጭ መያዝ ነው፤ አንዷን ጨረቃ ሁለት አድርጎ እንደማየት። ደህና ተደርጎ ሲታይ ይፈርሳል። የከፋው በ1.9 ያለው ቪካልፓ ነው፦ ቃሉ አለ፣ ከቃሉ ጀርባ ግን ነገር የለም። «እኔ የምናቅ ዓይነት ሰው ነኝ» የሚለውን እዚህ እመድበዋለሁ። ለመለየት «ይህ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ምን አይ ነበር?» ብለህ ጠይቅ፤ መልስ ካጣህ የያዝከው ቃል ብቻ ነው።

ትዝታንም (ስምሪቲ) ለብቻው ቁጠረው። አንዱን ጠዋት ሃያ ጊዜ ማስታወስ ሃያ ማስረጃ አይሆንም።

ጠያቂው፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ግን ማስረጃው ፈርሶም ሐሳቡ አይለቀኝም።

መልስ 2፦
እሱ የክሌሻ (አእምሮን የሚያውክ ዝንባሌ) ሥራ ነው። በ2.3 ከተቆጠሩት አምስቱ፣ እዚህ የሚጎትቱህ አስሚታ (እኔነት) እና ድቬሻ (ከሚያምመው መሸሽ) ይመስሉኛል። «እውነት ነው?» እና «ለምን ተጣበቀብኝ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አትቀላቅላቸው። 10 ደቂቃ ተቀምጠህ ትንፋሽህን ተከተል፤ ሐሳቡ ሲመጣ «ትዝታ»፣ «ግምት»፣ «ቃል ብቻ» ብለህ ሰይመውና ወደ ትንፋሽህ ተመለስ።

መልስ 1፦
አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ መረጋጋትን እንደ ማስረጃ አትውሰደው። በ1.48 እውነትን የተሸከመ የተባለው ማስተዋል ከጠለቀ ሳማዲ (የተመስጦ ሁኔታ) በኋላ የሚመጣ ነው። ከ10 ደቂቃ ጸጥታ በኋላ ብቅ ያለውንም ሐሳብ ወደ ወረቀቱ መልሰው።