ፕሌይሊስቱና ላይቩ ተጋጩብን (የኢንተርኔት ሬዲዮ፣ ሀዋሳ)

ታቦር፦
ሰላም ለቤቱ። ሀዋሳ ላይ ትንሽ የኢንተርኔት ሬዲዮ አለን፤ ቀኑን ፕሌይሊስት፣ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ላይቭ። ዘፈኑ የሚጫወተው ስቱዲዮ ካለው ኮምፒውተር በሬዲዮዲጄ (ዘፈን በተራ የሚያጫውት የሬዲዮ ፕሮግራም) ስለሆነ መብራት ሲሄድ ጣቢያውም አብሮ ይጠፋል። አሁን አዙራካስት (ሰርቨር ላይ ሆኖ ጣቢያውን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) እየሞከርን ነው። ችግሩ ዲጄው ሲገባ ዘፈኑ መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ኔት ከጠፋ በኋላ ደግሞ ቶሎ ተመልሶ መግባት አይችልም። የላይቩን ርዝመት ከሁለት ሰዓት ወደ ስድስት ሰዓት እናሳድግ የሚሉም አሉ። ምን ትላላችሁ?

ሞገድ፦
ወንድም ታቦር፣ መጀመሪያ ፕሌይሊስቱን ከስቱዲዮው አውጡት። ኪራይ ሰርቨር ላይ 24 ሰዓት ይጫወት፤ ላይቩ ከላይ ይደረብበት። ያኔ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው ዲጄው ብቻ ነው። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ቀድመው የሚጠፉት ራውተሩና ሚክሰሩ ናቸው። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ግዙ፤ አንዳንዱ 9 አንዳንዱ 12 ቮልት ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን እዩ።

መመለሱ የሚያስቸግረው ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዲጄ በላይ ስለማይቀበል ነው። መስመሩ ድንገት ሲበጠስ ሰርቨሩ ወዲያው አያውቅም፤ የሞተውን ግንኙነት እስከ 30 ሰከንድ ይዞ ይቆያል። በዚያ መሃል ቡት (BUTT፣ የዲጄውን ድምፅ ወደ ሰርቨሩ የሚልከው ፕሮግራም) ሲሞክር ቦታው ተይዟል ይባላል። ቡት ራሱ ደጋግሞ ስለሚሞክር ዲጄው አይነካካው። አዙራካስት ላይ ዲጄው ሲወጣ ለተወሰነ ሰከንድ የሚያግድ ማስተካከያ አለ፤ 0 መሆኑን አረጋግጡ። ኔታችሁ ደካማ ከሆነ የምትልኩትን የድምፅ መጠን በሰከንድ ከ128 ኪሎቢት ወደ 96 አውርዱ፤ በሰዓት 58 ሜጋባይት የነበረው 43 ይሆናል።

ለመቆረጡ፣ ዲጄው በተገናኘበት ቅጽበት አየሩ የእሱ ነው፤ ዘፈን እስኪያልቅ አይጠብቅም። ስለዚህ 4 ደቂቃ የሚሆን የመሣሪያ ብቻ ሙዚቃ ለ1 ሰዓት ከ58 መድቡ፣ የሚጫወተውን ዘፈን እንዲያቋርጥ የሚያደርገውን ምርጫም ክፈቱ። ዲጄው ያንኑ ሙዚቃ በራሱ በኩል ከፍቶ በላዩ ላይ ይግባ። መገጣጠሚያው እምብዛም አይሰማም።

ቀጠሮ፦
ሰዓቱን ስትሞሉ ተጠንቀቁ። ማታ 2 ሰዓት ማለት ለሰርቨሩ 20:00 ነው። 2:00 ብላችሁ ከጻፋችሁ ፕሮግራሙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይወጣል፤ የጣቢያው የሰዓት ክልል ዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ የሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ላይ እንደቆመ ከሆነ ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት። ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉት።

ፍቅር ሐይቅ፦
የስድስት ሰዓት ላይቭ ለትንሽ ጣቢያ አይመከርም። ያላችሁ የሁለት ሰዓት ላይቭ በተባለበት ደቂቃ ቢጀምር ይሻላል። ተጨማሪ ድምፅ ካስፈለገ የማታው ሥርጭት ሰርቨሩ ላይ ይቀረጽ፤ ሰላምታውና የስልክ መስመሩ ተቆርጦ በማግሥቱ ጠዋት ይደገም። የስልክ ጥሪ ያረጀ ሲሰማ አያምርም።

የፕሌይሊስቱ ድልድል የበለጠ ያሳስበኛል። ለምሳሌ 900 የአማርኛና 40 የሲዳምኛ ዘፈን አንድ ላይ ከተቀላቀሉ ሲዳምኛው የሚደርሰው በአማካይ ከ23 ዘፈን አንዴ ነው። ለብቻው ፕሌይሊስት ይሁንና በየ6 ዘፈኑ አንድ ይግባ። ዘፈኑ 4 ደቂቃ ቢሆን 40ው ተራውን የሚጨርሰው በ16 ሰዓት ገደማ ነው። በየ4 ዘፈኑ ካላችሁ 11 ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ ጠዋት የተሰማው ማታ ይመለሳል። የሁዳዴውንም ዝርዝር መነሻና መድረሻ ቀን ሰጥታችሁ ከወዲሁ አስቀምጡ፤ በዋዜማው መሯሯጥ ይቀራል።

ታቦር፦
እግዜር ይስጥልን። ዲጄው ተገናኝቶ ማይኩን ሳይከፍት ቢቀርስ? ሰርቨሩ ላይቭ ነው ብሎ ዝም አይልም?

ሞገድ፦
ይላል፤ መስመሩ እስካለ ድረስ ዝምታም ለእሱ ሥርጭት ነው። ሊኪድሶፕ (አዙራካስት ውስጥ ድምፁን የሚያቀናብረው ፕሮግራም) ላይ ዝምታን የሚለይ ብላንክ.ስትሪፕ የሚባል ትእዛዝ አለ። የላይቩን ምንጭ ብቻ በእሱ ጠቅልሉት፤ 20 ሰከንድ ከ−40 ዲሲቤል በታች ከቆየ ፕሌይሊስቱ ይመለሳል፣ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ለዲጄው ይለቃል። ከ10 ሰከንድ በታች አታውርዱት፣ ግጥም የሚያነብ ሰው ትንፋሽ ሲወስድ ዘፈን ይገባበታል። ማይኩ ክፍት ሆኖ ሰው ከሌለ ግን የክፍሉም ጩኸት ይቆጠራል። በሀዋሳ ሙቀት ቬንትሌተር ሳይከፈት አይቀርም፤ ድምፁ ከ−40 በላይ ከሆነ ትእዛዙ ዝምታ መኖሩን አያውቅም። የባዶውን ክፍል ድምፅ ለካችሁ የዝምታውን ገደብ ከዚያ 5 ዲሲቤል ያህል ከፍ አድርጉት።