ማኒክ ማይነር፦ ለጉባኤው የሚቀርበው ረቂቅ

ሰኞ

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይኸው። ጨዋታው የ1983ቱ ማኒክ ማይነር፣ ባግ ባይት የተባለው ኩባንያ ያወጣው እትም። ማሽኑ 48 ኪሎባይቱ ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለው የቤት ኮምፒዩተር። ሃያውን ዋሻ፣ ማለትም የጨዋታውን ደረጃዎች ሁሉ፣ በሚቻለው አጭር ጊዜ እንጨርሳለን። መጀመሪያ በኢሙሌተር (ማሽኑን በሚያስመስል ፕሮግራም)፣ ፍሬም በፍሬም (በአንድ የስክሪን ሥዕል ልክ)፣ እየመለስን እየደጋገምን። ከዚያ የትኛው ቁልፍ መቼ እንደሚጫን የሚይዘውን ፋይል እውነተኛ ማሽን ላይ እናጫውተዋለን። ለዚህ ለሁለተኛው ሥራ የካዝናው ግማሽ ይመደባል። ቅዳሜ ጉባኤ ስለሆነ እስከ ዓርብ ማታ ማለቅ አለበት። ማን ምን ይይዛል?

አባል 4፦ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ዋሻዎች እኔ እይዛለሁ። 19ኛውንም ጨምሩልኝ፣ እዚያ የማስበው ነገር አለ።

አባል 6፦ ከ11 እስከ 18 የእኔ።

አባል 9፦ ሽቦውን ለእኔ ተዉት። ኪቦርዱ 40 ቁልፍ ነው፣ ስምንት መስመር በአምስት አምስት። በጣት ፋንታ ትንሽ ሰርኪዩት ይጫንልናል። የዕቃውን ዝርዝር እስከ ረቡዕ አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ዝርዝር ሳይመጣ አንድ ሳንቲም አይወጣም። አምና ለተከታዩ ጨዋታ ለጄት ሴት ዊሊ ብለን ያወጣነው ምን ላይ እንደቀረ ማንም አልረሳውም።

አባል 6፦ ጋሼ፣ አምና ችግሩ የገንዘብ አልነበረም። ሰገነቱ የሚባለው ክፍል ውስጥ ከተገባ ሌሎች ክፍሎች እንደሚበላሹ፣ ጨዋታው እንዳለ እንደማያልቅ እናውቅ ነበር። በፖክ (ማኅደረ ትውስታው ውስጥ ያለ ባይት በእጅ በመቀየር) እናስተካክለው አናስተካክለው ብለን ሁለት ወር ተጨቃጨቅን። እባካችሁ ያንን አንድገመው።

አባል 2፦ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር። ጨዋታው ኢንተረፕቱን (በየፍሬሙ ፕሮሰሰሩን የሚያቋርጠውን ምልክት) አጥፍቶ ነው የሚሠራው። የስክሪኑን 50 ሄርዝ አይጠብቅም፣ በራሱ ዙር (ጨዋታውን አንድ እርምጃ በሚያስኬድ ድግግሞሽ) ነው የሚሄደው። በየዙሩ የባዶውን ዋሻ ሥዕል 4096 ባይት ይገለብጣል። አንዱን ባይት መገልበጥ 21 የፕሮሰሰር ሰዓት ምት ይፈጃል። አባዙት፣ 86016 ነው። አንድ ፍሬም ግን 69888 ምት ብቻ ነው። ይኼ አንዱ ቅጂ ብቻ ነው፤ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ሌላ 4096 ገና አለ። ስለዚህ ቁልፍ በሁሉም ፍሬም ላይ አይነበብም። ዙሩን ያሳጠረ ነገር ሁሉ ጊዜ ያተርፋል። ከሚያስረዝሙት አንዱ ደግሞ ሙዚቃው ነው። ከኤች እስከ ኤንተር ካሉት ቁልፎች አንዱን ብንነካ ይጠፋል፣ ኖታውን የሚያወጣው ኮድም ይታለፋል። ገና አንደኛው ዋሻ ላይ እናጥፋው።

አባል 6፦ ሙዚቃው አይነካም።

ማክሰኞ

አባል 2፦ ምክንያት?

አባል 6፦ ስፔክትረም ላይ በጨዋታ መሃል ሙዚቃ ያሰማ የመጀመሪያው ጨዋታ ስለሆነ። 48ቱ ማሽን የድምፅ ቺፕ የለውም። ፕሮሰሰሩ ራሱ ሥራውን ትቶ ስፒከሩን እያበራ እያጠፋ ነው ኖታውን የሚያወጣው። የጨዋታው ደራሲ ማቲው ስሚዝ ከየዙሩ ላይ ጊዜ ቆርሶ ለአቀናባሪው ለግሪግ ዜማ ሰጠ። እኛ ያንን መልሰን ልንቀማው ነው? ሰው የሚያስታውሰው ዜማውን ነው።

አባል 2፦ ትዝታ ሌላ፣ ሰዓት ሌላ። የምንሠራው የፍጥነት ሥራ ነው። ማጥፊያውን ያስቀመጠው ደራሲው ራሱ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም። የማጭበርበሪያውን ኮድ 6031769 ጽፈን ከዋሻ ዋሻ እንዝለል አላልኩም።

አባል 11፦ ሙዚቃው ቢጠፋም የዝላዩ ድምፅ ይቀራል እኮ።

አባል 6፦ የዝላይ ጩኸት ሙዚቃ ሆነ?

አባል 4፦ ይኼን አቆዩትና አንድ ነገር ስሙኝ። ዋሻው ሲያልቅ የተረፈው አየር (ለዋሻው የተሰጠው ጊዜ) እየተቆጠረ ወደ ነጥብ ይቀየራል። ቶሎ በወጣን ቁጥር ብዙ አየር ይተርፋል፣ ቆጠራውም ይረዝማል። ካተረፍነው ላይ ከፊሉን መልሶ ይበላብናል። ሃያ ዋሻ ላይ ቀላል አይደለም። እንዴት እናድርግ?

አባል 2፦ ሙዚቃው ከጠፋ የዋሻው ዙር ሁሉ ያጥራል፣ ከዚያ የሚበልጥ ትርፍ የለም።

አባል 6፦ ስለ አየር ነው የጠየቀህ።

አባል 2፦ አምናም ሁለት ወር ያቆምሽን አንቺ ነሽ። ዘንድሮም ያው።

አባል 6፦ አምና ስድስት ክፍል ጨርሼ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። አንተ ስንት? ስሜን ከረቂቁ አውጡልኝ። ከ11 እስከ 18 ያለውን የፈለገ ይውሰደው።

ረቡዕ

ሰብሳቢ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ስምሽ አይወጣም። መላ የሚሆን ከሆነ፣ ጊዜውን በፍሬም ከምንቆጥር በዙር ብንቆጥረውስ? የዙሩ ብዛት ሙዚቃ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ዊሊ፣ የምናንቀሳቅሰው ሰውዬ፣ ሲዘል ወይ ቀጥ ብሎ ነው ወይ ወደያዘው አቅጣጫ፤ አየር ላይ ሐሳብ መቀየር የለም። ጠባቂዎቹም (የዋሻው ጠላቶች) በዕድል አይንቀሳቀሱም። ሁሉም ነገር በዙር ሊጻፍ ይችላል።

አባል 2፦ በዙር ከተቆጠረ ለተመልካች ትርጉም የለውም። ሰው የሚያየው ሰዓት ነው።

አባል 11፦ እትሙ የባግ ባይት ነው ወይስ በኋላ የወጣው የሶፍትዌር ፕሮጀክትስ? በኋለኛው ዌርሃውስ ዋሻ ውስጥ የሚወርዱት ነገሮች ሦስት ማዕዘን ናቸው።

ጸሐፊ፦ ባግ ባይት ነው፣ ተወስኗል።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ኮድ አላውቅም። ግን ገንዘቡ የሚወጣው ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያየው ከሆነ ሙዚቃው ይኑር። እኔ ድምፁ የጠፋ ነገር ሃያ ዋሻ ሙሉ አላይም። ደግሞ ዛሬ ረቡዕ ነው። ዝርዝሩ የታለ?

አባል 2፦ ጋሼ እንዲህ ካሉ እሺ። ስለ አምናው የተናገርኩት ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ። ስለ ሰዓቱ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። በዙር እንጻፈው፣ ወደ ፍሬም የሚቀይረውን ስክሪፕት እኔ እሠራለሁ። አንድ ጊዜ ከነሙዚቃው፣ አንድ ጊዜ ያለሙዚቃው ይወጣል።

አባል 6፦ ከነሙዚቃው ያለው ይቅደም። ከ11 እስከ 18 መልሱልኝ።

ሐሙስ

አባል 11፦ ሁሉም ነገር በዙር ከተጻፈ ለምን ለየዋሻው ማብራሪያ አንጨምርም? ዝላዩ ለምን እዚያ እንደሆነ፣ ዕቃዎቹ ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደተለቀሙ። እኔ የፍጥነት ቪዲዮ አይቼ አንዱም ገብቶኝ አያውቅም።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ ነው። ይግባ። አንተው ጻፈው።

አባል 6፦ ከገባ አይቀር ድምፁም በደንብ ይቀዳ። ከኢሙሌተር ሳይሆን ከማሽኑ ስፒከር።

ጸሐፊ፦ አባል 9፣ ዝርዝሩን እየጠበቅን ነው።

ሰብሳቢ፦ አባል 9?

ዓርብ

አባል 4፦ ስለ አየሩ ማንም ስላልመለሰልኝ ብቻዬን ሞከርኩት። 19ኛው ዋሻ፣ ሶላር ፓወር ጄኔሬተር። ጨረሩ ዊሊን ሲነካው አየሩ በፍጥነት ይወርዳል። ተጫዋች ሁሉ የሚሸሸው ለዚያ ነው። እኔ ግን መንገዴን ሳልቀይር፣ አንድም ዙር ሳልጨምር፣ ጨረሩ የሚያገኘኝን ዝላይ መረጥኩ። በር ላይ ስደርስ የአየሩ መስመር ጫፉ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቆጠራው ወዲያው አለቀ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ሦስቱም ያው። ፋይሉን ለሁላችሁም ልኬዋለሁ።

አባል 2፦ አየሁት። ማክሰኞ ልሰማህ ይገባኝ ነበር። ግን በዙር ከቆጠርን ይኼ ትርፍ የት ይታያል? ቆጠራው የጨዋታ ዙር አይደለም።

አባል 4፦ እኔም እሱን ነው የምጠይቀው።

አባል 6፦ ማብራሪያው ውስጥ ይጻፋል።

አባል 4፦ ማብራሪያ ውስጥ አይደለም የምፈልገው። ሰዓቱ ላይ ነው።

አባል 11፦ ማብራሪያውን እስከ ነገ አልደርስም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋሻዎች ብቻ ነው የጻፍኩት።

ጸሐፊ፦ ረቂቁ አሁን እንዲህ ይላል፦ «ማኒክ ማይነር፣ ሃያው ዋሻ በዙር ቁጥር፣ ከነሙዚቃው፣ የየዋሻው ማብራሪያና ከእውነተኛ ማሽን የተቀዳ ድምፅ ታክሎበት።» ሰኞ የነበረው «በሚቻለው አጭር ጊዜ» የሚለው ወጥቷል። ማን እንዳወጣው አላገኘሁትም። ልመልሰው?

አባል 2፦ መልሰው።

አባል 6፦ ከተመለሰ የሙዚቃው ጉዳይ እንደገና ይነሳል።

ሰብሳቢ፦ ለጉባኤው እንዲሁ ይቅረብ። ነገ በአካል እናየዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ አባል 9 ስልክ አያነሳም። ሽቦ ከሌለ ፋይሉን ማሽኑ ላይ የሚያጫውተው የለም። እኔ ሒሳቡን ዛሬ ማታ መዝጋት አለብኝ። የካዝናውን ግማሽ በምን ስም ልጻፈው?