ሞድፓዝ ላይ ፓርቲክሎቼ 20 ዓመት ፈጀባቸው፣ ምን አጥፍቼ ነው?

ጀማሪው፦
ሰላም ወገን፣ ባህር ዳር ነኝ የማስተርስ ቴሲሴ ላይ ነኝ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ቆሻሻ 300 ሜትር ራቅ ብሎ ያለ የውሃ ጉድጓድ ጋ በስንት ጊዜ ይደርሳል የሚለውን ነው፣ ሞድፍሎው (የከርሰ ምድር ውሃ ፍሰት የሚያሰላ ፕሮግራም) ላይ ፍሰቱን ሰርቼ ሞድፓዝ (በዚያ ፍሰት የውሃውን መንገድ የሚከተል ፕሮግራም) ላይ ፓርቲክል (ከውሃው ጋር የሚሄድ ምናባዊ ነጥብ) ለቀቅኩ። የውሃው ከፍታ ከለካሁት ጋር ግጥም ብሏል ግን ፓርቲክሎቹ የሚደርሱት በ20 ዓመት! ሰፈር ውስጥ ደግሞ ዝናብ በጣለ በማግስቱ ውሃው ይደፈርሳል። ኬ (ድንጋዩ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ) በቀን 2 ሜትር፣ ግራዲየንት (የውሃው ከፍታ ተዳፋት) 0.005፣ ፖሮሲቲ (ውሃ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ድርሻ) 0.25። መብራት እየጠፋ ሶስቴ ነው እንደ አዲስ ራን ያደረግኩት፣ ምን ይሻለኛል

ጥቁር ድንጋይ፦
0.25ን ከየት አመጣኸው ወንድሜ? እሱ የአሸዋ ነው። እዚህ ከእግራችን ስር ያለው ባዛልት ነው፣ ውሃው በስንጥቁ እንጂ በድንጋዩ ሆድ አይሄድም፣ እነዛ አረፋ መሳይ ቀዳዳዎችም ካልተገናኙ ለፍሰት ዋጋ የላቸውም። በዳርሲ ሂሳብ ኬ 2 ሲባዛ በግራዲየንት 0.005 በቀን 0.01 ሜትር ነው፣ ለ0.25 ስታካፍለው 0.04፣ 300 ሜትሩ 7500 ቀን ማለት ነው። ፖሮሲቲውን 0.01 በለውና በቀን 1 ሜትር፣ 300 ቀን። ከፍታው የገጠመልህ ደግሞ ስቴዲ ስቴት (በጊዜ የማይለዋወጥ ፍሰት) ላይ ሞድፍሎው ፖሮሲቲ ስለማይጠይቅ ነው፣ ካሊብሬሽንህ (ሞዴሉን ከልኬቱ ጋር ማግጠምህ) ይህን ስህተት በፍጹም አያሳይህም።

ጀማሪው፦
ኧረ ጉዴ ፈላ! ከሰንጠረዥ ላይ ገልብጬ ነው ያስገባሁት። ግን እኮ 300 ቀንም ቢሆን ማግስቱን አይሆንም?

የጣና ዳሯ፦
አይሆንም፣ ሞዴሉን እሱ ላይ አታስጨንቀው። በማግስቱ የሚደፈርስ ውሃ ብዙ ጊዜ ከላይ የገባ ጎርፍ ነው፣ የጉድጓዱን አፍና የኬዚንጉን (የጉድጓዱን መከላከያ ቧንቧ) ሲሚንቶ እይ መጀመሪያ። ሌላው ሞድፓዝ የሚከተለው ውሃው የሚወስደውን ብቻ ነው፣ መሰራጨት የለም፣ ባክቴሪያ ድንጋይ ላይ መጣበቁም የለም። ያልተጣበቀው ደግሞ ጠባብ ቀዳዳ ስለማይገባ ሰፊውን ስንጥቅ ይዞ ከአማካዩ ውሃ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ፖሮሲቲውን በአንድ ቁጥር አትዝጋው፣ ከ0.005 እስከ 0.05 እየቀያየርክ ራን አድርግና ሁሉንም አቅርብ፣ አድቫይዘርህ ቢቆጣም ይቆጣ። ከቻልክ ጨው ጨምረህ ወዲያ ማዶ ኢሲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙን፣ ጨው ሲደርስ ይጨምራል) ለካ።

ጀማሪው፦
ነገ ጠዋት ሄጄ አፉን አየዋለሁ፣ ባለቤቷ እማማ ቡና ሳያጠጡ ስለማይለቁኝ ውጤቱን ከሰዓት ነው የምጽፈው