በራሴ መኪና ወደ ናይሮቢ፦ የመድን ሽፋኑን እንዴት ላሟላ?

የተከበራችሁ ወገኖች፣ በሥራ ምክንያት ከቤተሰቤ ጋር ናይሮቢ ለወራት ስለምቆይ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበችውን መኪናዬን በሞያሌ በኩል እየነዳሁ ለመሄድ አቅጃለሁ። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ፣ ማለትም በአባል አገሮች የሚያገለግለው የመኪና መድን ማረጋገጫ፣ እዚሁ ከገባሁት የሦስተኛ ወገን መድን ጋር ተያይዞ እንደሚሰጥና ኬንያም ውስጥ እንደሚያገለግል ተረድቻለሁ፤ ታንዛኒያ እንኳ የኮሜሳ አባል ሳትሆን ካርዱን ትቀበላለች።

ያስጨነቀኝ ካርዱ የማይሸፍነው ነገር ነው። በሌላ ሰው ላይ ለማደርሰው ጉዳት ያለብኝን ኃላፊነት ይሸፍናል እንጂ፣ የራሴ መኪና ብትጋጭ፣ ብትገለበጥ ወይም ብትሰረቅ ካሳ አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን የገባሁበት ውል ደግሞ «የጂኦግራፊ ወሰን» በሚለው መስመር ላይ የሚጠቅሰው ኢትዮጵያን ብቻ ነው። ኬንያ ውስጥ የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ስለሆነ፣ መሪው በግራ በኩል ባለ መኪና ከባድ ተሽከርካሪ ለመቅደም ሲሞከር ከፊት የሚመጣውን ማየት ያስቸግራል፤ ይህን የመድን ክፍተት ይዤ ልጆቼን አሳፍሬ መንዳት ፈጽሞ አልፈልግም።

ተጨማሪ አረቦን (የመድን ክፍያ) ከፍላችሁ የሙሉ ሽፋን ውላችሁን እስከ ኬንያ ያሰፋችሁ ካላችሁ፣ መድን ሰጪው ምን ምን ሰነድ እንደጠየቃችሁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ውሌ በቆይታዬ መካከል ስለሚያበቃ፣ ቢጫ ካርዱም ከመሠረታዊው ውል ዕድሜ ስለማያልፍ፣ ሁለቱንም ናይሮቢ ሆኜ በወኪል ማሳደስ ይቻላል? ወይስ ከመነሳቴ በፊት አዲስ የዓመት ውል ብገባ ይሻላል? እዚያ አደጋ ቢደርስስ፣ የመኪናዬን ጉዳት የሚገምተውና ጥገናውን የሚፈቅደው ማን ነው?