ጅብ በጉሮኖው ስር እየቆፈረ በግ ይወስዳል፤ በትንሽ ወጪ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ በግ አርቢ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። 22 በግ የሚያድርበት ጉሮኖ አለኝ። ወርዱ 5 ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። አጥሩ የባሕር ዛፍ አጠና ሆኖ ከላይ እሾህ አለው፤ ቁመቱ እስከ ደረት ይደርሳል። ጅብ በስሩ ቆፍሮ ይገባል። አንዱን ቦታ ስደፍነው በሌላ ይመጣል። ለግንብ አቅም የለኝም። ጥንብ ላይ መርዝ አድርግ የሚሉኝም አሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የቆላ ሰው

ወንድሜ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ጅብ መሆኑን አረጋግጥ፤ ነብር ከሆነ ሥራው ሌላ ነው። የጅብ ዱካ ላይ ጥፍሩ ይታያል፣ የፊት እግሩም ከኋላው ይሰፋል። ነብር ጥፍሩን ሰብስቦ ስለሚራመድ ዱካው ላይ የጥፍር ምልክት አይኖርም። ጅብ አጥንት ሰባብሮ ስለሚበላ ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። ነብር ጉሮሮ ነክሶ ይገድላል፣ አጥር ላይም ይወጣል፤ እሱን ጣሪያ ያለው ቤት ብቻ ነው የሚያቆመው። ያንተ የቁፋሮው ነገር ወደ ጅብ ያደላል።

መልስ፦ ባለ በረት

ጅብ የሚቆፍረው አጥሩን ተጠግቶ ነው። ስለዚህ መረብ ሽቦውን ወደ ታች ቀጥ አድርጎ ከመቅበር ወደ ውጭ ማንጠፍ ይሻላል፤ ሲቆፍር ራሱ የቆመበትን ሽቦ ያገኛል።

1 ሜትር ወርድ ያለው መረብ ግዛ። በአጥሩ ዙሪያ በውጭ በኩል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር አንሣ። ከመረቡ 40 ሳንቲ ሜትሩን ወደ ላይ አቁመህ ከአጠናው ጋር በሽቦ እሰር፤ 60 ሳንቲ ሜትሩን መሬት ላይ አንጥፈህ ድንጋይ ደርድርበትና አፈሩን መልስ። ዙሪያህ 22 ሜትር ነው፤ ማዕዘን ላይ መደራረብ ስላለበት 27 ሜትር ያህል ያስፈልግሃል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ማዕዘኑ ላይ ነው፤ ሽቦው ሲታጠፍ ክፍተት ይተዋል፣ ጅቡም ያንን ያገኛል።

ሁለተኛው ደካማ ቦታ በር ነው። ከመዝጊያው ስር ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቅበር። መዝጊያው ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ጅብ ሲገፋው ከመቃኑ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል። መቀርቀሪያ ከላይም ከታችም አድርግ፤ ከላይ ብቻ ከሆነ ታችኛው ጠርዝ ይላወሳል።

ቁመቱንም ወደ 1.8 ሜትር አድርሰው። እሾሁን ስትደረድር ግንዱ ወደ ውስጥ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይሁን፤ ግንዱ ወደ ውጭ ከሆነ ጅቡ ነክሶ ይጎትተዋል።

መልስ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ

መርዙን እባክህ ተወው። የተመረዘ ጥንብ ውሻህንና ጥንብ አንሣውን ይጨርሳል። የጥንብ አንሣ ቁጥር ደግሞ በአፍሪካ ክፉኛ ወድቋል፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት መርዝ ነው። ጥንብ አንሣ በሌለበት ሬሳ ሜዳ ላይ ይከርማል፣ ያም ጅብና የሰፈር ውሻ ይጠራል። የሞተው ጅብ ቦታም ባዶ አይቀርም።

ይልቅ የሚጠራውን ነገር አጥፋ። በግ ስትወልድ የእንግዴ ልጁን፣ ስታርድም አንጀትና አጥንቱን 1 ሜትር ጥልቀት ቀብረህ ድንጋይ ጫንበት። ከጉሮኖ አጠገብ የምትጥለው ከሆነ አጥርህ ምንም ቢጠነክር ጅቡ በየሌሊቱ ይሞክረዋል።

አንድ የሚዘነጋ ነገርም አለ፦ ጅብ ሳይገባም በጎች ሲያዩት ደንግጠው ራሳቸው አጥር ጥሰው ይወጣሉ። የአጥሩን ውስጥ እስከ 1 ሜትር ጭቃ ምርግ አድርገው፤ የማይታያቸው ያን ያህል አይረበሹም።

መልስ፦ ከናይሮቢ

እዚህ ኬንያ ውስጥ ሪቻርድ ቱሬሬ የተባለ የማሳይ ልጅ የሠራው ዘዴ ታዋቂ ነው። በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ ላይ የተያያዙ ትንንሽ መብራቶች በየተራ ብልጭ ስለሚሉ ሰው ባትሪ ይዞ የሚዞር ይመስላል። የተሠራው ለአንበሳ ነው። ለጅብ ከአጥር ጋር እንደ ተጨማሪ ያዘው፤ መብራቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከቆመ አውሬ ይለምደዋል፣ ቦታውን አዘዋውር። በታንዛኒያ የማሳይ አርቢዎች ደግሞ ሲተከል የሚጸድቅ ከከርቤ ወገን የሆነ ዛፍ ቋሚ አድርገው መረብ ሽቦ ያስሩበታል፤ ቋሚው ስለሚያድግ ምስጥ አይጥለውም።

በግ አርቢ

እግዜር ይስጥልኝ። መረቡን እገዛለሁ። እስከዚያ የእረኛው ልጅ ከጉሮኖው ደጅ ቢተኛ ይጠብቅ ይሆን?

መልስ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ

በፍጹም። ጅብ ሜዳ ላይ የተኛ ሰው ይነክሳል፣ ብዙ ጊዜም ፊት ላይ። ልጁ በር ያለው ቤት ውስጥ ይተኛ፤ ውሻ ጉሮኖው ዘንድ ይደር።

ሰው ከተነከሰ የእብድ ውሻ በሽታ ስላለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ቅጠልም ቡናም አታድርጉበት። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ክትባቱ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፣ ከዚያ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን፣ የመጨረሻው ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይሰጣል፤ ቆዳው ከተበሳ ደግሞ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ጠይቁ። ቁስሉን ቶሎ በክር እንዳይሰፉትም ንገሯቸው። ምልክት እስኪታይ የጠበቀ ሰው ከዚያ በኋላ አይድንም።